ጦር ወርዋሪ ልጆችና የመጨረሻው እርምጃ

ጎንደር ዙሪያ ጦር ውርወራ የሚጀምሩ ልጆች ክንድ አይቸግራቸውም። በወንጭፍ ሰብል ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ትከሻው ማንም ሳያስተምረው የተፍታታ ነው። የሚያስቸግረው እግር ነው፤ በተለይ ጦሩ ከእጅ ሊወጣ ሲል የሚረገጠው የመጨረሻው እርምጃ። ሜዳ ዳር ቆሞ «ሰፋ አድርጊ! ሰፋ!» የሚል አሰልጣኝ ደግሞ አይታጣም። እኔ ስፋት በትእዛዝ የሚመጣ አይመስለኝም። እርምጃው ልጅቷ ይዛው በመጣችው ፍጥነትና እግሯ በሚሸከመው መጠን ልክ ይሰፋል፤ ከዚያ በላይ ሲጎተት ጦሩም ይወድቃል፣ ክርኗም ይታመማል።

በቀኝ እጇ የምትወረውር ከሆነ የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ናቸው። ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ረዘም ይላል፣ ግን ወደ ላይ መዝለል የለበትም፤ መሬቱን ታክኮ ነው የሚሄደው። ቀኙ መሬት ሲነካ ግራው ቀድሞት ወደ ፊት አልፎ መገኘት አለበት። ከዚያ ግራው በተረከዙ ያርፋል፣ ጉልበቱ ሳይታጠፍ ይቆማል። የሮጠው ሰውነት እዚያ ሲገታ ፍጥነቱ ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ ትከሻ፣ በመጨረሻም ወደ ክርንና ወደ ጦሩ ያልፋል። ስለዚህ በጭብጨባ ሲቆጠር «አንድ… ሁለት-ሦስት» ነው እንጂ እኩል የተራራቀ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አይደለም።

ልኬቱን በሜትር ከመስጠት በልጅቷ በራሷ ጫማ መስጠት ይሻላል። ቁመቷ 1.55 ሜትር፣ ጫማዋ 23 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቆማ ስትወረውር ከቀኝ እግሯ ጣት እስከ ግራ ተረከዟ 5 ጫማዋን፣ ማለትም 1.15 ሜትር ያህል፣ መነሻ ማድረግ ይቻላል። በሦስት እርምጃ ስትወረውር ግማሽ ወይም አንድ ጫማ ይጨመርላት፤ ግራ ጉልበቷ ከታጠፈ ተመልሶ ይቀነስ። ወደ ጎንም መታየት አለበት። ግራ እግሯ ከቀኙ መስመር በአንድ የእግር ወርድ ያህል ወደ ግራ ቢያርፍ ዳሌዋ ይዞራል። በዚያው መስመር ላይ ወይም አቋርጦ ወደ ቀኝ ካረፈ ዳሌው ይቆለፋል፣ ውርወራው የክንድ ብቻ ይሆናል።

ከልክ በላይ የሰፋ እርምጃ ምልክቱ ብዙ ነው። ክብደቷ ቀኝ እግሯ ላይ ይቀራል፣ ቀኝ ጉልበቷ ይሰምጣል፣ ክርኗ ከትከሻዋ በታች ይወርዳል፣ የጦሩ ጫፍ ወደ ሰማይ ያቀናል። እንዲህ የተወረወረ ጦር ጫፉ ሳይሆን ጭራው ቀድሞ መሬት ይነካል፤ በደንቡ ደግሞ የብረት ጫፉ ካልቀደመ ሙከራው አይቆጠርም። ያጠረው እርምጃ ጉዳቱ ቀላል ነው፦ ሰውነቷ በግራ እግሯ ላይ ቶሎ ያልፋል፣ ጦሩ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ እሷም የመወርወሪያውን መስመር ትረግጣለች።

ልጆቹ የዓለም ሻምፒዮኖችን በስልክ አይተው ያንኑ ሊደግሙ ይሞክራሉ። ማየቱ አይከፋም፤ ኬንያዊው ጁሊየስ ዬጎም ከዩቲዩብ እየተማረ ነው በ2015 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው። ግን በዝግታ የሚታየው ረጅም እርምጃ ከኋላው ያለውን ሩጫ አያሳይም። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ የምትወረውረው 500 ግራም ጦር ነው፣ የአዋቂ ሴቶች 600፣ የወንዶች 800። ጦሩ ለዕድሜ ሲቀንስ እርምጃው የማይቀንስበት ምክንያት የለም።

የአፈር ሜዳ አንድ ጥቅም አለው፣ ዱካ ይይዛል። ከውርወራው በኋላ ከጦሩ በፊት መሬቱን ማየት ነው። የግራ ተረከዝ ጥርት ያለ ጉድጓድ ካተመ እግሩ ገትቷል፤ ወደ ፊት የተንሸራተተ ጭረት ካለ አልገታም። የቀኝ ጣት ደግሞ አፈሩን እየፋቀ የተጎተተበት መስመር መተው አለበት። መስመሩ ከሌለ ልጅቷ ዘላለች። በክረምት ዱካው ይበልጥ ይታያል፣ ነገር ግን ጭቃ ላይ በኮንጎ ጫማ ግራ እግርን መግታት ማለት ብሽሽትን መቅደድ ነው፤ ያን ጊዜ ቆሞ መወርወር ይበቃል።

ከ11 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ እግር በፍጥነት ይረዝማል። የመስከረሙ ልኬት ለጥር ላይሠራ ይችላል፤ በየሁለት ወሩ እንደገና መለካት አለበት። የክርን ውስጠኛው ጎን ሲያማት ደግሞ «ይለመዳል» ማለት አይገባም። እዚያ ያለው አጥንት ገና እያደገ ነው፤ ውርወራው ይቁም፣ ሕመሙ ካልተወ ሐኪም ይየው። ሕመሙ ሲተው ቀለል ባለ ኳስ ቆማ ትጀምር፣ በአንድ ልምምድ ከ20 ውርወራ አይለፍ።

ጦር በማይገኝበት ቦታ ቀጥ ያለ ሽመል ለእግር ልምምድ ይበቃል፤ የማይበቃው ለርቀት ነው። አካሄዱ እንደ ጦር ስላልሆነ ሜትሩን መቁጠር ዋጋ የለውም። የመሮጫው ምልክት ሲደረግም ግራ እግሯ ከመወርወሪያው ቅስት (መረገጥ ከሌለበት ጎበጥ ያለ መስመር) 1.5 ሜትር ያህል ወደ ኋላ እንዲያርፍ ይታሰብ፤ ከውርወራው በኋላ ራሷን የምትይዝበት አንድ እርምጃ ያስፈልጋታል።