ሦስት ሳንቲም በኪሴ

ቅዳሜ ጠዋት ዋሽንግተን፣ ኢስት ፖቶማክ ሜዳ ላይ ጎልፍ ስንጫወት ጓደኛዬ "ኪስህ ውስጥ የሚንቃጨለው ምንድን ነው?" አለኝ። ሦስት ሳንቲም ነው። "ለፓርኪንግ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ታዋቂው የጎልፍ ተጫዋች ጃክ ኒክላውስም ሲጫወት ለዕድል ሦስት ሳንቲም ኪሱ ይይዝ እንደነበር ነገርኩት። 18 ትልልቅ ውድድሮች ያሸነፈ ሰው ካደረገው እኔ ማን ነኝ?

ጓደኛዬም ቢሆን ከእኔ አይሻልም። ነጭ ቲ ካልሆነ አይመታም። (ቲ ኳሷ የምትቀመጥባት ትንሿ እንጨት ናት።) ባለፈው ነጩ አልቆበት፣ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ሰው የጣለውን ስብርባሪ ሲለቅም ከኋላችን አራት ሰዎች ክንዳቸውን አጣጥፈው ይጠብቁ ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

በጣም የምወደው ግን የሌላውን ጎልፍ ተጫዋች፣ የኤርኒ ኤልስን እምነት ነው። አንድ ኳስ ውስጥ ያለው አንድ በርዲ ብቻ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ በርዲ ሲያገኝ ኳስ ይቀይራል። (በርዲ ኳሷን ለጉድጓዱ ከተመደበው ምት በአንድ ባነሰ ማስገባት ነው።) እኔ በርዲ የማገኘው በዓመት ሁለቴ ነው፤ ኳሶቼ የሚቀየሩት ዛፍ መሀል እየጠፉ ነው። ታይገር ዉድስ በውድድር የመጨረሻ ቀን፣ እሁድ፣ የሚለብሰው ቀይ ሸሚዝ ደግሞ ከእናቱ የመጣ ነው፤ ቀይ ያንተ የኃይል ቀለም ነው ብላዋለች። የእናት ነገር ስለሆነ አልከራከርም።

የእኔም እናት ጠዋት ስትደውል "በቀኝ ያውልህ" ሳትል ስልኩን አትዘጋም። ቅዳሜ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ኳሴ ምርቃቱን ቃል በቃል ተቀብላ ወደ ቀኝ ታጥፋ ሄደች፤ እስካሁን አላገኘኋትም።