ወንዙ ወረዳ ያውቃል እንዴ?

ዛሬ የቅዳሜ እንቅልፌን ትቼ ስብሰባ ዋልኩ። (እውነቱን ለመናገር እናቴ ናት ቀስቅሳ የላከችኝ።) በአዲስ አበባው ቀበና ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ወረዳዎች ነዋሪውን አንድ አዳራሽ ጠርተው “አብረን እናቅድ” አሉን። የ3 ሰዓቱ ስብሰባ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። እሱን ለምደነዋል።

ከንግግሩ በኋላ ትልቅ ካርታ ተዘረጋ። ጎርፍ የሚገባበትን ቦታ በእስክሪብቶ አመልክቱ ተባልን። እኔ የራሴን ቤት ለማግኘት አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ! አንዲት እማማ ግን መነጽራቸውን አድርገው የተደፈነውን ቱቦ ሁሉ አንድ በአንድ አሳዩ። “እኛ በዚህ በኩል እናጸዳለን፣ እነሱ ከማዶ ይደፋሉ። ወንዙ ወረዳ ያውቃል እንዴ?” ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከማዶ የመጡትም ሳቁ፤ ትንሽ ግን አፈር ብለው ነበር።

እውነታቸውን እኮ ነው። ከእንጦጦ የወረደው ውሃ የግንፍሌን ወንዝ ጨምሮ ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። የኛ ፌስታልም አብሮ።

አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፤ ዝናቡ ግን በጀት አይጠብቅም። ስለዚህ ቱቦ ጠረጋው ከዚያ በፊት፣ ሁለቱም ወረዳ በአንድ ቀን እንዲወጣ ተስማማን። አካፋው ከማን ይምጣ የሚለው ሳይቋጭ ምሳ ሰዓት ደረሰ። እኛ ቤት አንድ አለ፣ እጀታው የተሰበረ።