ጭነት ሳይኖር አምፔር የሚያነብ ሻንት

የሶላር ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ 50 አምፔር/75 ሚሊቮልት ሻንት (50 አምፔር ሲያልፍበት 75 ሚሊቮልት የሚሰጥ የመለኪያ ሬዚስተር) ታስሮ፣ ቮልቴጁ በኤልኤም358 (ሁለት አምፕሊፋየር ባለው የማጉያ ቺፕ) ጎልቶ ወደ አርዱይኖ (ኮድ ወደሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ) ይገባል። ጭነቱ ሁሉ ጠፍቶም ስክሪኑ 1 አምፔር ገደማ ያሳያል። ብዙ ሰው ወዲያው ኮዱ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ይቀንሳል። ችግሩ፣ በመቀነስ የማይስተካከል ኦፍሴትም (ግቤቱ ዜሮ ሆኖ ማጉያው ራሱ የሚጨምረው የቮልቴጅ ስህተት) አለ።

ሻንቱ 1.5 ሚሊኦም ነው። የተራው ኤልኤም358 ኦፍሴት ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ እስከ 7 ሊደርስ እንደሚችል ዳታሺቱ ላይ ተጽፏል። 2 ሚሊቮልት እዚህ ሻንት ላይ 1.3 አምፔር፣ 7 ደግሞ 4.7 አምፔር ማለት ነው።

አምፕሊፋየሩን ለብቻው ለመፈተሽ ሁለቱን የመለኪያ ገመዶች ከሻንቱ ነቅላችሁ አንድ ላይ ከግራውንድ ጋር እሰሯቸው። ክፍት አትተዉአቸው፤ ያልታሰረ ግቤት የሚሰጠው ቁጥር ዋጋ የለውም። ውጤቱን በመልቲሜትር ለክታችሁ ለማጉያው ብዜት አካፍሉት።

ዜሮ አካባቢ ካነበበ ቶሎ አትደሰቱ። በ5 ቮልት ብቻ የሚሠራ ኤልኤም358 ከግራውንድ በታች መውረድ አይችልም። ኦፍሴቱ ኔጌቲቭ ከሆነ የመጀመሪያው 1 አምፔር እዚያው ይዋጣል፤ የተዋጠውን ደግሞ ምንም ኮድ አይመልሰውም። መፍትሔው ዜሮውን ከፍ ማድረግ ነው። ከ5 ቮልት በ18 ኪሎኦም፣ ወደ ግራውንድ በ10 ኪሎኦም ከፋፍላችሁ 1.8 ቮልት ገደማ አውጡ፤ በቺፑ ሁለተኛ አምፕሊፋየር በኩል አሳልፋችሁ ለዲፈረንሻል ማጉያው (የሁለቱን የመለኪያ ገመዶች ልዩነት ለሚያጎላው) መነሻ አድርጉት። በቀጥታ ካገናኛችሁት የከፋፋዩ ሬዚስተር የማጉያውን ሚዛን ያበላሻል። በ1 እና በ20 ኪሎኦም ሬዚስተሮች (ባለ 1 በመቶዎቹን) 20 እጥፍ ስታጎሉ ውጤቱ ከ0.3 እስከ 3.3 ቮልት ይጫወታል፤ ቻርጅም ዲስቻርጅም ይነበባል። ከዚህ በላይ አታጉሉ፤ ኤልኤም358 በ5 ቮልት ከ3.5 ብዙም አያልፍም።

ሪሌይ ሲበራ ንባቡ ከዘለለ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ሪሌዩና መለኪያው የሚጋሩት የግራውንድ ገመድ ነው። 2 ሜትር የ0.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ 0.07 ኦም ገደማ አለው፤ የሪሌይ 70 ሚሊአምፔር በዚያ ሲያልፍ 5 ሚሊቮልት ይፈጥራል፣ ማለትም 3.3 አምፔር የሌለ ጭነት። ሁለቱንም የመለኪያ ገመዶች ከሻንቱ ትንንሽ ብሎኖች አምጡ፣ ለሪሌዩ የራሱን ግራውንድ ስጡት።

ቺፕ መቀየር ከተቻለ ኤምሲፒ6ቪ01 ኦፍሴቱ ከ2 ማይክሮቮልት አይበልጥም፤ ባለ አንድ አምፕሊፋየር ስለሆነ ግን ፒኖቹ ይለያሉ፣ ለ1.8 ቮልቱም ሌላ ማጉያ ያስፈልጋል። ኦፒ07 የተባለው ሌላ የማጉያ ቺፕ ጥሩ ስም ቢኖረውም በ5 ቮልት ብቻ አይሆንም።

የኮዱ ተራ አሁን ነው። ብሬከሩን አጥፍታችሁ የ256 ንባብ አማካይ ውሰዱና ኢኢፕሮም (ኃይል ሲጠፋም የማይጠፋ የአርዱይኖ ማህደረ ትውስታ) ላይ አስቀምጡ። አርዱይኖው በተነሣ ቁጥር ራሱን ዜሮ የሚያደርግ ኮድ አትጻፉ፤ ጭነት ላይ እያለ ከተነሣ ያንን ጭነት ዜሮ ብሎ ይይዘዋል። የኤልኤም358 ኦፍሴት በዲግሪ 7 ማይክሮቮልት ያህል ስለሚንሸራተት፣ ሳጥኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ ዜሮውን ቀትር ላይ፣ ከሞቀ በኋላ ውሰዱ።