ጨረቃና አንዲት ፍሬ ምስር

ዛሬ ሆድ የሚያባባ ምሽት ነው። የተቀመጥኩት ስለ አንድ ሰው፣ ስለ መ.፣ ልጽፍ ነበር። በየረር ተራራ በኩል ግን ሙሉ ጨረቃ ብቅ አለች፣ ምጣድ የምታክል።

ይህችው ምጣድ 4 ሰዓት ላይ ሽቅብ ስትወጣ ሳንቲም ታክላለች። አላበጠችም፣ አልከሳችም። ማረጋገጥ ለሚፈልግ አንዲት ፍሬ ምስር ትበቃለች፦ በሁለት ጣት ጫፍ ይዞ፣ ክንድን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይን መጨፈን። ጨረቃ በዓይናችን የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዓይን 57 ሳንቲ ሜትር ላይ 5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ደህና ምስር ልክክ ብሎ ይከድናታል፣ ስትወጣም አናት ላይ ስትደርስም። ሁለቱም ዓይን ከተከፈተ ምስሩ ሁለት ሆኖ ይታይና ጨረቃዋ ትሾልካለች።

እንዲያውም አድማስ ላይ ሳለች በጥቂቱ ታንሳለች፤ አናታችን ላይ ከምትሆንበት ጊዜ የምድርን ግማሽ ወርድ፣ 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቀናለች። አየሩ እንደ መነጽር ያጎላታል የሚባለውም ወሬ ነው። አየር ቢበዛ ከላይና ከታች ጠፍጠፍ ያደርጋታል እንጂ አያሳድጋትም።

በ11ኛው ክፍለ ዘመን የብርሃንና የእይታ ሊቁ ኢብን አል-ሃይሠም የዚህን መታለል ጥፋት የጣለው በርቀት ግምት ላይ ነው። አእምሮ መጠንን ከዓይን ብቻ አይቀበልም፣ በርቀት ያባዛዋል። ጣሪያው፣ ባሕር ዛፉ፣ ተራራው ተደርድረው «ሩቅ ናት» ሲሉት፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት ይህን ያህል ከታየችማ ግዙፍ ናት ብሎ ይነፋታል። ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ የባቡር ሐዲድ ሥዕል ላይ እኩል ሁለት መስመር ቢጋደም የላይኛው የሚረዝመው በዚሁ ስሌት ነው። ወረቀት በቀጭኑ ጠቅልሎ ጨረቃዋን ብቻ ማየት ጎረቤቶቿን ይሸፍናል፤ ያኔ ትኮሰምናለች። ቱቦው ሰፍቶ ጣሪያ ከገባበት ግን ተመልሳ ታብጣለች።

እስከዚህ ያምራል። ግን «የቷ ትቀርባለች?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው ሰው የሚያሳየው የአድማሷን ነው! ሩቅ ናት ብሎ ያሳደጋት አእምሮ፣ ትልቅ ስለሆነች መልሶ ቅርብ ናት ይላል? ወይስ ርቀቱን የሚያሰላው ክፍል ከሚናገረው ክፍል ጋር አይተዋወቅም? ሊቃውንቱም እስካሁን አልተስማሙ።

መ.ን ከጨረቃ ጋር አመሳስዬ ልጨርስ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ደግነቱ ምስሩ ከእጄ ወደቀ። አሁን 5 ሰዓት ሊሆን ነው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በረንዳ ላይ ምስር የሚፈልግ ሰው ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል?