ለኪሶ፦ ማን አየ፣ ማን ዝም አለ

የጥንቷን የይሁዳ ከተማ ለኪሶን መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ዋዛ ያልፋታል። የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ «በድያለሁ» ብሎ መልእክተኛ የላከው የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ወደ ሰፈረባት ለኪሶ ነው (2ኛ ነገሥት 18፥14)። በምዕራፍ 19 ደግሞ ሰናክሬም ከዚያ መነሣቱን እንሰማለን። ከተማይቱ መውደቋን ግን ጸሐፊው አይናገርም። ሰናክሬምም በሸክላ ባስቀረጸው ዜና መዋዕሉ ከይሁዳ 46 የተመሸጉ ከተሞች ያዝሁ ሲል ለኪሶን በስም አይጠራትም። ስሟ የተጻፈው በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ ነው፦ ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ የለኪሶ ምርኮ በፊቱ ሲያልፍ። ቅርጹ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። የንጉሡን ፊት ግን አንድ ሰው ኋላ ፈልፍሎ አጥፍቶታል።

ከኢየሩሳሌም ወደ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የለኪሶ ጉብታ ቅርጹን ያረጋግጣል። በደቡብ ምዕራብ ማዕዘኑ አሦራውያን ወደ ቅጥሩ ለመውጣት የቆለሉት ድልድል አሁንም አለ። መጽሐፉ «የአፈር ድልድል» ይበለው እንጂ ይህኛው የድንጋይ ክምር ነው። በእ.ኤ.አ. 2021 የወጣ ጥናት እያንዳንዳቸው 6.5 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ 3 ሚሊዮን ድንጋዮች እንደፈጀ ገምቷል፤ ወደ 19,500 ቶን መሆኑ ነው። ልቅ ድንጋይ ላይ ቅጥር ማፍረሻ አይገፋም፣ መንኰራኵሩ ይሰምጣል። ስለዚህ የላዩን ድንጋይ በጭቃ ምርጊት አያይዘውታል። በቅርጹ ላይ አንድ ወታደር በረጅም ጭልፋ በማፍረሻው ግንባር ላይ ውኃ ያፈሳል፤ ከቅጥሩ የሚወረወረው ችቦ እንዳያቃጥለው ነው። ከውስጥ ደግሞ ተከላካዮቹ ከቅጥሩ ጀርባ ሌላ ድልድል ቆልለው ነበር። አልበቃቸውም።

በዚህ ጦርነት ውስጥ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ» መነሣቱን አንባቢያችን ያውቃል። የዕብራይስጡ ቃል ኩሽ ነው፣ የኩሽም መናገሻ በዛሬው ሰሜን ሱዳን ያለችው ናፓታ። ቲርሐቅ ዙፋን ላይ የወጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ690 ስለሆነ ለኪሶ በተያዘችበት በ701 ገና ልዑል ነበር፤ ጸሐፊው በኋላ ባገኘው ማዕረግ ጠርቶታል ማለት ነው።

ቆፋሪዎቹን ለዓመታት ያጣላው ጉዳይ የእሳት ንብርብር ነው። በጉብታው ውስጥ ከተደራረቡት የከተማይቱ ፍርስራሾች ከላይ ሲቆጠር ሁለተኛውም ሦስተኛውም የተቃጠሉ ናቸው። በእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ የቆፈረው ስታርኪ ሁለቱንም ከአሦራውያን በኋላ ይሁዳን ለወጉት ባቢሎናውያን ሰጣቸው፣ በ10 ዓመት ልዩነት። የቁፋሮ ባልደረባው ኦልጋ ተፍኔል ግን የሁለቱ ንብርብሮች የሸክላ ዕቃ በ10 ዓመት ሊለዋወጥ ከሚችለው በላይ እንደሚለያይ አይታ ሦስተኛውን ወደ ሰናክሬም ዘመቻ፣ ወደ 701 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ መለሰችው። ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ የቆፈረው ኡሲሽኪንም አጸናው። ነገሩ የቀን ክርክር ብቻ አይደለም፤ እጀታቸው ላይ «ለንጉሡ» የሚል ማኅተም ያለባቸው ትልልቅ ማሰሮዎች በዚህ ምክንያት የሕዝቅያስ ዘመን ሆኑ።

ሁለተኛው ንብርብር ግን የባቢሎን ነው። በእ.ኤ.አ. 1935 በከተማይቱ በር ክፍል ውስጥ በቀለም የተጻፈባቸው 18 ገሎች ወጡ። በአራተኛው ላይ ጸሐፊው የለኪሶን የእሳት ምልክት እየጠበቁ እንደሆነና ዓዜቃን ማየት እንዳልቻሉ ለአለቃው ያስታውቃል። ኤርምያስ 34፥7 ከተመሸጉት ከተሞች የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ እንደነበሩ ስለሚናገር ብዙዎች ሁለቱን አጋጥመው «ዓዜቃ በዚያች ሌሊት ወደቀች» ይላሉ። ገሉ ግን ያለው «አናይም» ነው፤ ኮረብታ ጋርዶ ሊሆንም ይችላል።