«ያኔ ለምን አጥብቀህ አልነገርከኝም?»

ደሴ ላይ ቤት ስታሳምር መጀመሪያ የምትጣላው ከውኃ ጋር ነው። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሜዳ የለንም ማለት ይቻላል። ሰው ቤት ሊሠራ ሲል ዳገቱን ቆርጦ ቦታ ያስተካክላል፤ የኋላው ግድግዳ አፈሩን ተደግፎ ይቆማል። ክረምት ሲገባ አፈሩ ውኃ ይጠጣል፣ ግድግዳው ደግሞ ከአፈሩ ይጠጣል። ኮምቦልቻ ወርጄ ስሠራ ይሄ ጭንቀት ይቀልልኛል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ አየሩ ግን ሞቃት ስለሆነ ልስን ቶሎ ይደርቃል። እኛ ጋ ግን ቀለምም ሆነ ዎልፔፐር ከመመረጡ በፊት ሶፋውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ ከኋላው ማየት ግድ ነው።

ይሄን የምጽፈው ስለ አንድ ሳሎን ነው። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፣ እኔን ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ያኔ ተቀጥሬ የምሠራው አንድ ዲኮር ቤት ነበር። ጂብሰም፣ ቀለም፣ ዎልፔፐር፣ ከፓሌት የሚሠራ መደርደሪያ፣ ሁሉንም እንይዛለን። ጥር ላይ አንዲት እናት ጠሩን፤ እትዬ ልበላቸው። የልጃቸው ኒካህ ደርሷል፣ ሳሎኑ እንዲያምር ይፈልጋሉ። ሙሽሪት ስልኳን አውጥታ ነጭ ጡብ የሚመስል ግድግዳ አሳየችኝ። ያ በየሱቁ የሞላው፣ 70 በ77 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የሚሸጠው፣ የጀርባውን ወረቀት ልጠህ የምትለጥፈው ስፖንጅ ነው።

ስፖንጁን አልጠላውም። ደረቅ ግድግዳ ላይ ደህና አድርጎ ይይዛል። መቀስና ሜትር ያለው ሰው ባለሙያ ሳይጠራ በራሱ ሊሠራው ይችላል፤ አቧራውን በደንብ መጥረግ፣ የመጀመሪያውን መስመር በውኃ ልክ ማስመር፣ ከዚያ የጡቦቹን ጫፍ እያገጣጠሙ መሄድ ነው። መጀመሪያው ከተጣመመ ግን ጣሪያው ጋ ስትደርስ ጉድህ ይወጣል።

ሶፋውን ሳብ አድርጌ ቁጢጥ አልኩ። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ወዝ የጠፋበት፣ ጫፉ ወጣ ገባ የሆነ መስመር አለ። መስመሩ ላይ ነጭ ብናኝ ተቀምጧል። በጣቴ ጠረግ ሳደርገው ረገፈ። ጨው ነው። ውኃ ብሎኬቱና ልስኑ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ይዞ ይወጣል፣ ውኃው ሲተን ጨው ላዩ ላይ ይቀራል። ልስኑን በጣቴ መገጣጠሚያ መታ መታ አደረግኩት። አንዳንዱ ቦታ ባዶ ድምፅ ሰጠኝ፤ ለቋል ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ በጥር፣ በበጋ መሀል ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ግድግዳ ውኃ አለበት። መጀመሪያ ከኋላው ያለው አፈር ይነሳ፣ ከዚያ ይድረቅ። አሁን ከለጠፍንበት ክረምት ላይ ይነሳል» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ኒካሁ ደርሶብኝ! አንተ አሳምርልኝ እንጂ ስለ አፈሩ ማን ጠየቀህ?»

አልተቀየምኩም። ሰርግ ያለበት ሰው ልቡ የት እንዳለ አውቃለሁ። ሌላ ሐሳብ አቀረብኩ። ግድግዳውን ኖራ እንቀባው፤ ኖራ እርጥበቱን ያስተነፍሳል። ከባቲ ሰኞ ገበያ ጥሩ ጥሩ ሰሌን አምጥቼ በሞራሌ እንጨት ፍሬም እወጥረዋለሁ። ፍሬሙን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቄ አቆመዋለሁ፣ ከኋላው አየር ይሄዳል። ላዩ ላይ ከእትዬ ጓዳ ያየኋቸውን አለላ የገባባቸውን ሰፌዶች ትንሽና ትልቁን አቀላቅለን እንሰቅላለን፣ ከጎን ቢጫ መብራት እንሰጠዋለን። ዋጋው ከስፖንጁ ይረክሳል። በዚያ ላይ እናትየው በእጃቸው የሰፉት ነገር ልጃቸው ኒካህ ላይ ሰው ፊት ይውላል። ለኔ ከዚህ በላይ ዲኮር የለም፤ ዛሬም የለም።

ሙሽሪት ፊቷን አጨማደደች። «ሰሌን? ገጠር ልታስመስለው ነው?»

ምርጫው የሷ ነው። ለአለቃዬ ደወልኩለት። መጣ፤ ግድግዳውን ቆሞ አየው፣ አልተጎነበሰም። «አብሽሩ እትዬ፣ ምንም አይሆንም። አሁን ያለው ማስቲሽ ድንጋይም ያጣብቃል» አላቸው። ውጭ ስንወጣ እኔን «ደንበኛ የጠየቀውን ነው የምንሠራው፣ ሥራ አታበላሽብኝ» አለኝ። እኔ አልለጥፍም አልኩት፣ ሌላ ልጅ ተመደበ። ከመሄዴ በፊት ግን ፕሮፎርማው ግርጌ ላይ በእጄ ጻፍኩ፤ «የኋላው ግድግዳ እርጥበት አለው። ሳይደርቅ ቢለጠፍ ይነሳል።»

ኒካሁ ተደረገ። እውነቱን ለመናገር ሳሎኑ አምሮ ነበር። ፎቶውን ያየ ሁሉ የማን ሥራ ነው እያለ ጠየቀ፣ በዚያ ፎቶ ምክንያት ብዙ ሥራ ገባልን። አለቃዬ እያሳየኝ «አየህ?» ይለኝ ነበር። ምን እላለሁ? ጥር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

ነሐሴ ላይ እትዬ ደወሉ። ቤቱ ሸተተኝ፣ ልጆቹ ያስላቸዋል፣ ስፖንጁም ከሶፋው ጀርባ እየተገነጠለ ወደቀ አሉ። አለቃዬ እኔን ይዞኝ ሄደ።

አንዱን ጫፍ ይዤ ስስበው ያለ ምንም ችግር ሙሉው መጣ፤ የልስኑን ቆዳ ይዞ ነው የመጣው። ጀርባው ጥቁር ሻጋታ ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ መስመሩ ነው። ጥር ላይ ጉልበት ጋ የነበረው እርጥበት ወገብ አልፏል። ድሮ ውኃው እታች ባገኘው ቦታ ይተን ነበር። ስፖንጁ ውኃ አያሳልፍም፣ ስለዚህ መውጫ ሲያጣ መተንፈሻ ፍለጋ ወደ ላይ ወጣ። እትዬ ቡና አፍልተው፣ አቦሉን ለኔም ለአለቃዬም ጀባ ብለው፣ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ስፓቱላዬን ይዤ ስፍቅ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር።

«ያኔ ለምን አጥብቀህ አልነገርከኝም?» አሉኝ።

እጄ ቆመ።

«ነግሬዎት ነበር እኮ እትዬ።»

«ነግረኸኛል። አጥብቀህ አልነገርከኝም። እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ? አንዱ ውኃ አለበት ይላል፣ አለቃው አብሽሩ ይላል። አለቃውን አመንኩ። አንተ ጠበቅ ብትልብኝ፣ ብትቆጣኝ እንኳ እሰማህ ነበር።»

«ወረቀቱም ላይ ጽፌዋለሁ» አልኳቸው።

ተነሥተው ገቡ። ከቁም ሣጥን ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ፕሮፎርማ ይዘው መጡ፣ ለሰርግ ያወጡትን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጠውት ኖሯል። ዘረጉት። ማኅተም አለ፣ ዋጋ አለ፣ ካሬ ሜትር አለ። ግርጌው ባዶ ነው። እንደገና በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ነበር የተሰጣቸው። እትዬ ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ አለቃዬን አዩት። እሱ ሲኒውን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ። «አጠር እንዲል ብዬ ነው» አለ። ሌላ አልተናገረም። ስፖንጁን የማንሻውን ሒሳብ ግን አስከፍሏቸዋል። ይሄኛው ነው ዛሬም ድረስ የሚያበግነኝ።

ጥያቄያቸውን ብዙ ሌሊት አሰላስዬዋለሁ። ምን ያህል ነው አጥብቆ መናገር ማለት? እኛ ሥራ ውስጥ ደጋግሞ የሚናገር ሠራተኛ ነገረኛ ይባላል፣ ሥራ ይቀርበታል። አንዴ ተናግሮ የተወ ደግሞ ግድግዳው ሲረግፍ ለምን ዝም አልክ ይባላል። ያም ሆኖ እትዬ ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። በገንዘባቸው የሚያዙት ብዙ ነገር ነው፣ ስለ ግድግዳው ግን ከኛ ሌላ የሚነግራቸው የለም። ባለሙያ ሁለት ቃል ሲናገር ሰሚው የሚያምነው ደስ የሚለውን ነው፤ እኔም ብሆን ልጄን ልድር ስል «አብሽር» ያለኝን ሰው ነው የምሰማው።

መፍትሔው ከሳሎኑ ውጭ ነበር። ዝናቡ ሲያቆም ከቤቱ ጀርባ ዞርን። አፈሩ ከሳሎኑ ወለል ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ተከምሯል። የጣሪያው አሸንዳ ደግሞ ቀጥታ እዚያው ላይ ያፈሳል! የሰፈር ልጆች ይዘን አፈሩን ከወለሉ በታች እስኪሆን ቆፍረን አነሣን፣ ከግድግዳው ጎን ቦይ አወጣን፣ የተበሳ ቧንቧ ዘርግተን ድንጋይና ጠጠር ሞላንበት፣ አሸንዳውን ወደ መንገዱ አዞርነው። ውስጡን ደግሞ የለቀቀውን ልስን አራግፈን እርቃኑን ተውነው። በጋውን በሙሉ እንደዚያው ከረመ። እንግዳ ሲመጣ እያፈሩም ቢሆን እትዬ ታገሡ፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ሲደርቅ በኖራና በአሸዋ ለሰንነው፣ ኖራ ቀባነው። ሰሌኑም ገባ፣ ሰፌዶቹም ተሰቀሉ። ሙሽሪት ልጇን አዝላ መጥታ ስታየው ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣች።

አሁን በራሴ ነው የምሠራው። ፕሮፎርማ የምጽፈው በእጄ ነው፣ ማስጠንቀቂያው ከዋጋው በላይ ይሰፍራል፣ ደንበኛው አንብቦ ይፈርምበታል። ከዚያ በፊት ደግሞ በቃል መከራከር ትቼ አሳያለሁ። ንጹሕ ላስቲክ 45 በ45 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገዋለሁ። ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆያል፤ እኔ ቀንና ሌሊቱን ሙሉ እተወዋለሁ። ጠሉ ላስቲኩ ላይ በክፍሉ በኩል ከታየ የቤቱ እንፋሎት ነው፣ መስኮት መክፈት ይበቃዋል። በግድግዳው በኩል ከታየ ግን ውኃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው። ይሄን ቤቱን በራሱ እጅ የሚያስጌጥ ሰው ሁሉ ሊሞክረው ይችላል። የሚያስፈልገው ቁራጭ ላስቲክና ፕላስተር ብቻ ነው።

በቅርቡ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ አንድ ወጣት ለመኝታ ቤቱ ያንኑ ነጭ ጡብ ለጥፍልኝ አለኝ። ላስቲኩን አሸግኩለት። በማግስቱ አብረን አነሣነው። በግድግዳው በኩል ጠሉ ኮለል ብሎ ወረደ፣ እሱም በጣቱ ነክቶ አየው። አስረዳሁት፤ ጠበቅ አድርጌ፣ እትዬ እንደፈለጉት። ከኋላ ወስጄ አፈሩን አሳየሁት። ሁሉንም ሰማ።

«ገብቶኛል ወንድሜ» አለኝ። «ግን እስከ ፋሲካ ብቻ ቢቆይልኝ?»

አልለጠፍኩለትም። አፈሩን ማንሣት ሲፈልግ አካፋ ይዤ እንደምመጣ ነግሬው፣ ስልኬን ሰጥቼው ወጣሁ። እስካሁን አልደወለም።