ሦስት ቀን እንጀራ በልተው ይምጡ

ውጤት መስጫ መስኮት ላይ የሚቆጣ ሰው ለላቦራቶሪ ሠራተኛ ብርቅ አይደለም። ወረፋው ያናድዳል፣ ዋጋው ያናድዳል፣ መርፌው ያናድዳል። እኚህ ሰው ግን የተቆጡት በቁጥር ነበር። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ለጥፈው፣ «እህቴ፣ ይህ የእኔ ደም አይደለም፤ ከሰው ጋር ተቀያይሮባችኋል» አሉ።

አልተቀያየረም። ሁለቱንም ጊዜ ደሙን የቀዳሁት፣ ቱቦው ላይም ስማቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የስኳር ምርመራው ጠዋት በባዶ ሆድ ደም ተወስዶ፣ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተበጥብጦ ከተጠጣ በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ጠብቆ እንደገና ደም የሚወሰድበት ነው። የባዶ ሆዳቸው ስኳር 88 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆነ፤ ምንም አይወጣለትም። የሁለት ሰዓቱ 171 መጣ። ይህ ቁጥር ከ140 በታች ሲሆን ደኅና ነው፤ 200 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር በሽታን ያመለክታል፤ በመካከል ያለው ደግሞ ወደ በሽታው የሚወስደው መንገድ ነው ይባላል።

ሰውየውን ያንገበገባቸው ይህ «መንገድ» ነው። እናታቸው የስኳር ሕመምተኛ ስለነበሩ ለወራት እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ድንች በአፋቸው አልዞረም። ቁርስ እንቁላል፣ ምሳ ጥብስ በጎመን፣ እራት ዓሣ ወይም አይብ። ኪሎ በመቀነሳቸው ቀበቷቸው ላይ በምስማር የበሱትን አዲስ ቀዳዳ ሳይቀር ገልጠው አሳዩኝ፤ ጠርዙ ገና አልለሰለሰም። «ስኳር የሚሆን ነገር ካልበላሁ ስኳሩ ከየት መጣ?» አሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ ጥያቄያቸው የሚናቅ አልነበረም።

ግርግሩን ሰምታ የመጣችው የውስጥ ደዌ ሐኪማችን ወረቀቱን አየችና ቅጻችን ላይ የሌለ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፦ «ከምርመራው በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት ምን በሉ?» እርሳቸውም በኩራት ዘረዘሩላት።

«እንግዲያው ሦስት ቀን እንጀራዎን በልተው ይምጡ» አለቻቸው።

«ይቀልዱብኛል እንዴ ዶክተር?»

ቀልድ አልነበረም። ይህን ምርመራ የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ ለሦስት ቀናት ያህል በቀን ቢያንስ 150 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም እንጀራና ዳቦ ውስጥ ያለውን ወደ ስኳር የሚለወጥ ንጥረ ነገር፣ እንዲበላ ይመከራል። ምክንያቱ ደግሞ የሚገርም ነው። ካርቦሃይድሬት ሲጠፋ ሰውነት ማገዶውን ይለውጣል፤ ስብ እያነደደ መኖር ይጀምራል። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው የስብ አሲድ ይበዛል፤ ጡንቻም ያለውን ጥቂት ስኳር ለአንጎል ትቶ በስብ ይሠራል። ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻ ለሚያስገባው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ የሚሰጠው ምላሽ የሚደክመው በበሽታ ሳይሆን በቁጠባ ነው። ቆሽትም ብዙ ኢንሱሊን በፍጥነት የማውጣት ሥራውን ያቀዘቅዛል። በዚህ ሁኔታ ላይ 75 ግራም ግሉኮስ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ኢንሱሊኑ ይዘገያል፣ ጡንቻውም ለመቀበል ያንገራግራል፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጤነኛ ወንዶችን የተለያየ ምግብ እያበላ ሲለካ ይህንኑ አይቶታል፤ ካርቦሃይድሬት የበዛለት ለኢንሱሊን የተሻለ ምላሽ ሲሰጥ፣ ቅባት በዝቶ ካርቦሃይድሬት ያነሰበት ግን ስኳሩን መሸከም ከበደው።

በዐቢይ ጾም እንዲህ ያለ ጣጣ አይገጥመንም። ጿሚ ሥጋና ቅቤ ይተዋል እንጂ እንጀራ በሽሮ አይተውም። ጣጣው የመጣው እንጀራን እንደ ባላንጣ ማየት ከተለመደ ወዲህ ነው።

ሰውየው እያጉረመረሙ ሄዱ፤ በልተውም ተመለሱ። የሁለት ሰዓቱ 112 ሆነ።

ያኔ ደግሞ ሌላ ጫፍ ያዙ፤ «ታዲያ በከንቱ ነው የተራብኩት?» አሉ። ዶክተሯ በከንቱ አለመሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከመች። ክብደት ሲቀንስ ጉበት ውስጥ የተከማቸው ስብ ይቀንሳል፤ ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ በዘላቂነት የሚያሻሽለውም ይኸው ነው። ክብደቱ የሚቀንስበት መንገድ ግን አንድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት 609 ሰዎች ለ12 ወራት ገሚሶቹ ቅባት፣ ገሚሶቹ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ ተደርጎ ነበር። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ግራም ያህል ቀነሱ፤ ልዩነቱ ቁም ነገር የሚባል አልነበረም። ኢንሱሊን በብዛት የሚያመነጭ ሰው ካርቦሃይድሬት ቢተው የበለጠ ይጠቀማል የሚለውም ግምት አልያዘም። ለእኚህ ሰው ጥብስና ጎመን ከተስማማቸው ይቀጥሉ፤ ጎረቤታቸው በእንጀራ መጠን ቢከሳም አያስደንቅም። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚውጥ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር እንጀራውን ድንገት ቢያቆም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ቅጹ ላይ ገብቷል፤ «ባለፉት ሦስት ቀናት እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ ወይም ፓስታ እንደ ወትሮው በልተዋል?» የሚል። አስተዳደሩ የታተመው ወረቀት ሳያልቅ ሌላ አላሳትምም ስላለ ከግርጌው በእስክሪብቶ እንጽፈዋለን። «አልበላሁም» ላለ ቀጠሮ ይለወጥለታል፤ ጭቅጭቁም እዚያ ላይ ይጀምራል። «በስንት መከራ የቀነስኩትን ኪሎ ልመልስ?» ይላሉ። ሰውነት ስኳር ሲያከማች ከእያንዳንዱ ግራም ጋር ሦስት ግራም ያህል ውኃ አብሮ እንደሚይዝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከረገፈው ክብደት ብዙው ይኸው ውኃ እንደነበር፣ በሦስት ቀን የሚመለሰውም እርሱ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ከኋላ የተሰለፉት ደግሞ ሰዓታቸውን ያያሉ።